እቴነሽ ያልለበሰችው ቀሚስ

ሐይቅ ላይ፣ ሚኒባሶቹ "ውጫሌ፣ ወልድያ" እያሉ ተሳፋሪ በሚጠሩበት ጥግ፣ የላስቲክ ጫማ የሚጠግን ሰውዬ አለ። ከእኔ አሳ ቤት ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ቢላዋውን ፍም ላይ ያግልና የተበጠሰውን ማሰሪያ በጋለው ስለት ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ ጥቁር ጢስ ይነሣና በቀጥታ ወደ እኔ ቤት ይገባል። ደንበኞቼ ያማርራሉ። "እትዬ ዘሀራ፣ ይህን ሰውዬ አስነሺልን እንጂ፤ አሳው ሁሉ ላስቲክ ላስቲክ አለን" ይሉኛል። አላስነሣውም። ባስነሣው ይሻለኝ ነበር፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር መጥበሻው ላይ ያለውን አሳ ረስቼ፣ ጭልፋዬን እንደያዝኩ፣ ወደ ልጅነቴ ዘመን እሄዳለሁ። ስመለስ አሳው አርሯል፣ ደንበኛውም ተቆጥቷል።

ያ ሽታ የእኛ ሽታ ነው። እኛ ስል ያኔ ጠመንጃ ይዘን በረሃ የነበርነውን ሴቶች ማለቴ ነው። እግራችን ላይ የሚውለው ሸዳ የሚባል የላስቲክ ጫማ ነበር። ገበያ ላይ ሦስት ብር ያወጣል፤ ለእኛ ግን በነፃ ይታደላል፤ በነፃ ስለሆነም ቁጥሩ ከእግር ጋር አይገጥምም። የእኔ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ጨርቅ እጎሰጉስበታለሁ። የአምባሰል ድንጋይ ሲበላው ትንሽ እሳት እናነድና የጩቤ ጫፍ አግለን እንጠግናለን። ለዚህ ሥራ እንደ እቴነሽ ያለ እጅ አልነበረም። ጫማው ያልቃል እንጂ የእቴነሽ ጥገና አይለቅም ይባል ነበር። ወንዶቹ ሳይቀሩ የተበጠሰ ሸዳቸውን አንጠልጥለው ወደ እሷ ይመጣሉ፤ እሷም ስትሰድብ ስትሰድባቸው ሠርታ ትሰጣቸዋለች።

እቴነሽ የውጫሌ ልጅ ናት፤ እኔም እንደዚያው። አባቷ ገበሬ፣ አባቴ የጨው ነጋዴ፣ ቤታችን ጎን ለጎን። በፋሲካ እነሱ ቤት ስሄድ በሙስሊም እጅ የታረደ ዶሮ ለእኔ ብቻ በትንሽ ድስት ይሠራልኛል፤ በአረፋ ደግሞ እናቴ ለእነሱ የሚሆነውን በግ በክርስቲያን ጎረቤት አሳርዳ ትጠብቃቸዋለች። ይህን እንደ ቁም ነገር የሚያወራው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ስብሰባ ተጠርቶ ይወራል። የገበያ ቀን ሁለታችን አቡጀዲ ቀሚሳችንን አጥበን፣ እግራችንን ቅቤ ቀብተን እንወጣለን። ጨርቅ ተራው ላይ ናይለን ሻሽ ይሰቀል ነበር፤ አንድ ብር ከስሙኒ። እቴነሽ ቀዩን ሻሽ በዓይኗ ብቻ እየገዛች ስንት ገበያ አሳለፈች። ነጋዴው "ወይ ግዢው ወይ ዓይንሽን አንሽለት፣ ቀለሙን ጨረስሽው" ይላታል። ከዚያ ከገበያው በላይ ወዳለችው ጠጅ ቤት ሄደን፣ ሰው የምንጠብቅ መስለን ግድግዳው ሥር እንቆማለን። ውስጥ አዝማሪው ማሲንቆውን ይቃኛል። ሌላ አገር ሰው አምባሰልን የቅኝት ስም ነው ብሎ ያውቀዋል፤ ለእኛ ግን ጠዋት በር ስንከፍት የምናየው ተራራ ነው። አዝማሪው እሱን ሲጀምር እቴነሽ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድምፅ ነበራት፤ ግን ሴት ልጅ ጠጅ ቤት ደጃፍ አትዘፍንምና በአፍንጫዋ ብቻ ታዜማለች።

አንድ ሰሞን የመንግሥት ሰዎች ወንድሜን ከገበያ መሀል አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። በዚያው ሰሞን የእቴነሽ አባት ሚስቱ ለሞተችበት ባለ ወፍጮ ልጁን ሊድር ቃል ሰጠ። ዛሬ ወጣቶች "ዓላማችሁ ምን ነበር?" ብለው ሲጠይቁኝ ትልልቅ ቃላት ይጠብቃሉ። የእኔ ዓላማ ወንድሜ ነበር፤ የእቴነሽ ዓላማ ባለ ወፍጮውን አለማግባት ነበር። ትልልቆቹን ቃላት እዚያ ከደረስን በኋላ ነው ያስተማሩን። የወጣነውም በመስከረም፣ ከግሸን ማርያም ተጓዦች ጋር ተቀላቅለን ነው። መንገድ ላይ ወታደር ይፈትሻል፤ ለንግሥ የሚሄደውን ግን ብዙም አይነካካም። እቴነሽ ማተቧ ድርብ ነበርና በጥርሷ ቆርጣ ግማሹን አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

"ዛሬ ወለተ ማርያም ነሽ" አለችኝ።

"አስተግፊሩላህ" አልኳት።

"እሱን ቃል ዛሬ ኸአፍሽ እንዳታወጪ።"

ተሳሳቅን። ፈታሹ ወታደር የእኛው እኩያ ነበር፤ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ማተባችንን አይቶ "ለኔም ጸልዩልኝ" አለና አሳለፈን። ወንድሜም የሆነ ቦታ እንዲህ ቆሞ ሰው ይፈትሽ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወንድሜን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በረሃ ስንደርስ መጀመሪያ የሄደው ሹሩባችን ነው፤ በምላጭ ቆራርጠው አበጠሩትና ጎፈሬ ሆነ። ቀጥሎ ቀሚሳችን ሄደ፤ ቁምጣ ሰጡን። ጉልበታችን ፀሐይ ያየው ያን ቀን ነው። እቴነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቁምጣውን ወደ ታች ስትጎትት፣ ስትጎትት ዋለች። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ግን በዚያው ቁምጣ ገደል ስትዘል ያያት ቀሚስ የሚባል ነገር ለብሳ ታውቃለች አይልም። ዓይኗ የታወቀ ነበር። እሷ ያነጣጠረችው አይሳትም ይሉ ነበር፤ አይሳትምም። ወንዶቹ ሊጥ አቡክተው፣ ድንጋይ አግለው ብርኩታ ይጋግራሉ፤ እኛ ጠመንጃ ይዘን ዙሪያውን እንጠብቃለን። ያ ነገር ሲሆን በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ዳቦው ጥሬ ነው፣ አመድም አለበት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወንድ አቡክቶ የሰጠኝን በልቼ አላውቅም። ጥበቃ ላይ ስንሆን እቴነሽ አምባሰልን በቀስታ ታዜም ነበር። አንድ ቀን የቡድን መሪያችን ሰማና ከለከላት። "ይህ ዜማ ቤት ያስናፍቃል፤ ታጋይን ያላላል። መዝሙር ዘምሪ" አላት። "ተራራው ደጃችን ነው፤ ምን ያስናፍቀኛል?" ብትለው ግምገማ ላይ አቀረባት። ድሮ ልማዱ ከልክሏት፣ በረሃ መሪዋ ከልክሏት፣ ያቺ ልጅ ያን ዜማ አፏን ሞልታ ሳትለው ኖረች።

አልፎ አልፎ፣ ያ ጊዜ ደግ ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ቅማል ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ቁስለኛ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ነበር። የቀበርናቸው ልጆች አሉ፤ ቦታቸውን ዛሬ ብሄድ የማላገኘው። ደግ ነበር ማለት አልችልም። ግን ያኔ አንድ ሰው "እቴነሽ" ብሎ ሲጠራት የሚጠራው እሷን ነበር፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት ብሎ አልነበረም። ይህን ያየ ሰው መልሶ ለማጣት ይከብደዋል።

አሸንፈን ስንመለስ ውጫሌ እልል አለችልን። ጥቂት ቀን። ከዚያ ብርድ ልብስና መጠነኛ ብር ሰጥተው ወደየቤታችሁ አሉን። አብረውን ብርኩታ ሲጋግሩ የነበሩት ወንዶች መኪና ላይ ወጡ። ሚስት ሲፈልጉም ጎፈሬ ያላትን አልፈለጉም፤ ሹሩባ የተሠራች፣ ተረከዟ ያልተሰነጠቀ፣ ስታፍር አንገቷን የምትደፋ ፈለጉ። እኩልነቱ በረሃ ቀረ፤ ጨርሶ የረሱት ዕቃ ሆነ። ለእቴነሽ ሽማግሌ የላከ አንድ አስተማሪ ነበር፣ ደህና ሰው። እናቱ ሰማች። "ጫካ ለጫካ ኸወንድ ጋ ያደረችን ለልጄ?" አለች፤ ሽማግሌዎቹም ደግመው አልመጡም። እቴነሽ ያን ዕለት እኔ ጋ መጥታ "ዘሀራ፣ መንግሥት ጥለናል፤ የአንድ አስተማሪ እናት ግን አሸነፈችን" ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም።

እኔ አንድ አሳ አጥማጅ አግብቼ ሐይቅ መጣሁ፤ እሱ ሞተ፣ አሳ ቤቱ ቀረልኝ። እሷ ውጫሌ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆና፣ በታናሽ ወንድሟ በይመር ግቢ አንዲት ክፍል ይዛ ኖረች። ሱሪ ታደርጋለች፣ ከላይ የወንድ ካፖርት፣ ከሱ በላይ ነጠላ። ሠርግ ሲሆንም፣ ዓመት በዓል ሲሆንም ያው። ቀሚስ ግዢ ስላት "እግሬን ያስረኛል" ትለኛለች። ልጅ አልወለደችም፤ የይመርን ልጅ፣ ሙሉቀንን፣ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። የይመር ሚስት ይታይሽ ገበያ ስትውል ልጁ የሚያውቀው የእቴነሽን ጀርባ ነው። አፉን ሲፈታም እሷን ነው "እማ" ያለው፤ ይታይሽ ለዚህ አንድ ቀን አኩርፋ አታውቅም።

ከዚያ ይህ የአሁኑ ጦርነት መጣ። ማን ጀመረው፣ ማን ምን አደረገ የሚለውን ለሚያውቁት ልተው። እኔ ያየሁትን ልናገር። ያኔ ከእኛ ጋር ከአንድ ድስት የበሉት ሰዎች በአምባሰል በኩል ጠላት ሆነው መጡ፤ የእኛ ልጆች ሊገጥሟቸው ወጡ። ሙሉቀን ወጣ። አልተመለሰም፣ አስከሬኑም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ "ታጋይ" የሚለው ቃል ውጫሌ ውስጥ ስድብ ሆነ። ድሮ እልል ያሉልን ሴቶች እቴነሽ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሷ ክፍል ግድግዳ ላይ ጎፈሬዋን አበጥራ፣ ክላሽ ይዛ፣ አንድ ጥርሷ እየታየ የተነሣችው ፎቶ ነበር። አንድ ቀን ይመር ገብቶ አወረደና ምድጃ ውስጥ ከተተው። ከልካይ አልነበረውም። እቴነሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪነድ አየችው።

ባለፈው ክረምት ኩላሊቷ ታመመ። የአሳ ሾርባ ይዤላት ሄድኩ። ጥቂት ቀመሰችና ሳህኑን ወደ ጎን አደረገችው።

"ስሞት ምን ብለው እንደሚያለቅሱልኝ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አትሞቺም፣ አብሽሪ።"

"እሞታለሁ እንጂ። እንዝርት አውጥተው ፈታይ ነበረች ይሉኛል። እኔ እንዝርት ይዤ አውቃለሁ?"

እዚህ ላይ ልማዱን ልናገር። በእነሱ፣ በክርስቲያኖቹ ለቅሶ የሟች ዕቃ ሜዳ ላይ ይወጣል። ወንድ ከሆነ ጠመንጃው፣ ዝናሩ ይወጣና ይፎከርለታል። ሴት ከሆነች ጥልፍ ቀሚሷ፣ እንዝርቷ ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ሙያዋን ትናገራለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሰው በዚያች ቀን በሚባለው ነው ተሰፍሮ አፈር የሚገባ። እኛ ሙስሊሞች ጋ ይህ የለም፤ ግን ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን፣ አንድ ቅሬ፣ አንድ እድር ገብተን ኖረን፣ ከእነሱ እኩል እናውቀዋለን።

"የትኛው ጠመንጃ ይውጣልሽ? ከወሰዱብሽ ቆየ" አልኳት።

"ጠመንጃው ይቅር። ቃሉን ነው የምልሽ። አንድ ግጥም። አንድ ሰው ተነሥቶ የሆንኩትን ይበለኝ።"

"ይመርስ? ይታይሽስ? ሙሉቀን ደሙ ሳይደርቅ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ፎቶው ወደነበረበት ነጭ ቦታ መለሰች። "ሙሉቀንን ያሳደግኩት እኔ አይደለሁም?" አለች። ቀጥላም፣ "ለማንም ወገን ብዬ አይደለም፣ ዘሀራ። ያ ዕድሜዬ የኔ ነበር። ያልኖርኩት መስዬ አልቀበር።"

"ወላሂ እላለሁ" አልኳት።

የሞተች ዕለት ይመር ራሱ ደወለልኝ። አሳ ቤቱን ዘግቼ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ውጫሌ እስክደርስ ግጥሜን በሆዴ ሳመላልስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቀብረናት እንደተመለስን የቅሬው ድንኳን ተተከለ፤ ለቅሶ ሜዳው ሞላ። እዚያ ካለው ሰው ግማሹ በዚህ ጦርነት ልጁን ወይ ወንድሙን ያጣ ነው። ይመር ክንዴን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ።

"እቴ ዘሀራ፣ ምን ቃል እንዳስገባችሽ አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ጥሩ።"

"በአላህ ይዤሻለሁ። ይህን ሜዳ ሙሉ ሰው እይው። እህቴ ኸነሱ ጋር ነበረች ተብሎ ነገ በምን ዓይኔ ልየው?"

"ያኔ እነሱ የሚባል አልነበረም። እኛ ነበርን።"

"አንቺ ወደ ሐይቅ ትመለሻለሽ። እኔ እዚሁ ነው የምኖረው።"

እውነቱን ነው። ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ይመር ክፉ ሰው አይደለም፤ እቴነሽ እስክትሞት ድረስ ያስታመመ እሱ ነው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ስታሸንፉ ለጎረቤት ዝም በሉ፣ ስትሸነፉም ለጎረቤት ዝም በሉ። ክንዴን አስለቅቄ ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል። አልቃሿ ከገጠር የመጣች፣ ድምፀ መልካም አሮጊት ናት። በአንድ እጇ እንዝርት፣ በሌላው አረንጓዴ ጥልፍ ያለበት ነጭ ቀሚስ ይዛለች። ቀሚሱ ከሳጥን የወጣበት እጥፋት እንኳ አልተፈታም፤ ሰው አንዴም አልለበሰውም። ከየት ተውሰው ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ በሕይወቷ ያልነካችውን ጨርቅ ከሰው ለምነው የእሷ ነው ብለው አወጡላት። አሮጊቷ ቀሚሱን እያወዛወዘች፣

"እንዝርቷ ቀረ ጥጡ ተባዝቶ፣
ማን ይፈትለዋል እጇ አፈር ገብቶ"

አለች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሉ። ያ እጅ ጥጥ ነክቶ አያውቅም። ለቅሶ ላይ ግጥም ያለው ሁሉ ክቡ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ገባሁ። ቀሚሱን ከአሮጊቷ እጅ ነጥቄ አፈሩ ላይ ጣልኩትና በዚህ በሻከረ ድምፄ፣

"ቀሚሱን መልሱት ለባለቤቷ፣
ጠመንጃ ነበር የሷስ ንብረቷ"

አልኩ። የተቀበለኝ ሰው የለም። ደረት የሚደቃው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል፣ ያኔ አብሮን በረሃ የነበረ አንድ ሰው አይቻለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ጋቢውን አስተካከለ። ሁለተኛውን ግጥም ልቀጥል አፌን ስከፍት፣ ይታይሽ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ቀሚሱን አነሣችው፣ አፈሩን አራገፈችው፣ አጠገቤ ቆመች።

"ባለቤቷ እኔ ነኝ" አለችኝ፣ ለእኔና ለአልቃሿ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ለሙሉቀን ሠርግ ብዬ ያሰፋሁት ነው። እሱ አስከሬኑም አልመጣ፤ ቀሚሱም የሚወጣበት ለቅሶ አላገኘም። እቴነሽም እናቱ ናት፣ በሷ ለቅሶ ይውጣ ብዬ ነው።"

"አፉ በይኝ፤ ሳላውቅ ነው" አልኳት።

"አፉ ብያለሁ። ግጥምሽንም ጨርሺ፣ አልከለክልሽም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አብረሻት ነበርሽ። የምታነጣጥረውን አትስትም ነበር ይላሉ። እሷ የመታቻቸው ልጆችስ፣ አስከሬናቸው ለእናቶቻቸው ደርሷል?"

በክፋት አልጠየቀችኝም። ክፋት ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር። ማወቅ የምትፈልግ እናት ዓይን ነው ያየኝ፤ እኔ ደግሞ አላውቅም። ያኔ ጠይቀን አናውቅም። ለእቴነሽ ብዬ የያዝኩትን ሁለተኛ ግጥም አንድም ቃል ማውጣት አቃተኝ። ይታይሽ ትንሽ ጠብቃኝ ቀሚሱን ለአልቃሿ መልሳ ሰጠቻት። አሮጊቷም እንዝርቱን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሉ። እኔም ተቀበልኩ።